በሩን ያስከፈተች እንግዳ

ሰው ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሲሰድ፤ ምን ይዞልኝ ይመለስ ይኾን ብሎ ያስባል። ለተቀበለው አገር ምን ትቶለት ይመጣ ይኾን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ተማሪ ዘወትር ተቀባይ፤ አስተማሪ ዘወትር ሰጪ ይመስለናልና። የዙሪክ ከተማ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

ዙሪክ በስዊስ አገር በሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። ሊማት የሚባለው ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ በመካከልዋ ያልፋል፤ ሰማዩ በጠራ ቀንም በረዶ የለበሱት የአልፕ ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። ዩኒቬርሲቴዋ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

በ1843 ዓ.ም. በመስኮብ አገር ናዴዥዳ ሱስሎቫ ተወለደች። አባትዋ ቀድሞ ለባለርስት እንደ ንብረት ተገዝቶ የኖረ፤ በኋላም ነጻ የወጣ ሰው ነበረ። ልጂቱ በፔተርስቡርግ የሕክምና ትምህርት ስትሰማ ሳለች፤ ሴቶች ከዚያ እንዲወጡ ትእዛዝ ኾነ። ስለዚህ በ1865 ዓ.ም. ወደ ዙሪክ ኼደች። በዚያም ከወንዶቹ ጋራ ተቀምጣ ተማረች፤ ነገር ግን መስማት ብቻ አልበቃትም፤ እንደ እነርሱ ተፈትና ማዕርግ ለመቀበል ፈለገች። በ1867 ዓ.ም. ስምዋ በተማሪዎች መዝገብ ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት በዴሴምበር 14 ቀን የሐኪምነት ማዕርግ ተቀበለች። ከርስዋ በፊት በዚያ ዩኒቬርሲቴ ይህን ያገኘች ሴት አልነበረችም።

በዚያው ወራት ማሪ ፎግትሊን የምትባል የስዊስ ቄስ ልጅ፤ ፍሪድሪክ ኤሪስማን ለሚባል የሕክምና ተማሪ ታጭታ ነበር። እርሱ ግን እጮኝነቱን አፍርሶ ሱስሎቫን አገባ። የተተወችው ልጅ እንግዳዪቱን ስትረግም ልትኖር ትችል ነበር፤ እርስዋ ግን እንግዳዪቱ የኼደችበትን መንገድ ያዘች። በ1868 ዓ.ም. በአባትዋ ፈቃድ ወደ ዩኒቬርሲቴው ገባች። በአገሩ ኹሉ ብዙ ነቀፋ ቢነሣባትም አልተመለሰችም፤ በ1874 ዓ.ም. ማዕርግዋን ተቀብላ ከስዊስ ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሐኪም ኾነች።

የሱስሎቫን ዝና የሰሙ የመስኮብ ሴቶችም ወደ ዙሪክ ጐረፉ፤ በ1873 ዓ.ም. ቍጥራቸው መቶ ያኽል ደረሰ። በዚያ ዓመት ግን የንጉሣቸው መንግሥት ትእዛዝ አወጣ፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በዙሪክ የምትቈይ ሴት በአገርዋ ለፈተናም ለሥራም እንዳትቀበል የሚል ነበረ። ከነርሱም የሚበዙት ከተማዪቱን ለቀው ኼዱ። እንግዶቹ ወጡ፤ በሩ ግን አልተዘጋም፤ የአገሩ ልጆች ገብተውበታልና።

ሱስሎቫም ወደ አገርዋ ተመልሳ፤ እንደ ገና ተፈትና፤ በሽተኞችን ስታክም ኖራ በ1918 ዓ.ም. ሞተች። የስዊስ ሴቶች በአገራቸው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የተፈቀደላቸው በ1971 ዓ.ም. ነው። እንግዳዪቱ የዩኒቬርሲቴውን በር ካስከፈተች እስከዚያ ድረስ 104 ዓመት ኾነ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁን ወደ ሩቅ የሚሰድ ሰው ይህን ያስብ። በትጋት የሚማር እንግዳ የባዕድ እንጀራ በልቶ ብቻ አይመለስም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያላዩትን በር አሳይቶአቸው ይመጣል።