ከዘፋኙ በኋላ የሚመጡት፦ የዋልያስ ባንድ ሙዚቃ በአምቦ መንገድ

የባለ 60 ካሴት አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል። የዘፋኝ ሥራ ግን በዚያ ልክ ተሰፍቶ አይመጣም፤ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ደቂቃ ላይ ያልቅና ትርፍ ቴፕ ይቀራል። ደንበኛ ደግሞ ባዶ ቴፕ አይወድም። ያለ ድምፅ ሲሽከረከር ከሰማ ተጭበረበርኩ ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በአምቦም፣ በጉደርም፣ በግንጪም ካሴት እየቀዳን እንጀራ የበላን ሰዎች ለትርፉ አንድ መላ ነበረን፤ በክላሲካል እንሞላዋለን። ዘፋኝ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን ማለቴ ነው። እኔ ዘንድ ክላሲካል ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዋልያስ ባንድ ነበር።

ሱቄ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ነበረች፤ በአንድ በኩል ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ በሌላ በኩል ካሴት እቀዳለሁ። ሥራውን በሰባዎቹ አጋማሽ ጀምሬ ፍላሽ መጥቶ እስኪያዘጋኝ ድረስ ሠርቼበታለሁ። ስለ ዋልያስ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ስለ ሂልተን፣ ስለ ዋሽንግተን፣ ስለ አውሮፓ መድረክ ነው። ሙዚቃው በእኛ በኩል፣ በነቀምት መንገድ እንዴት እንደኖረ የጻፈ አላየሁም።

ከሸክላው ልጀምር። የዋልያስ «ቼ በለው» እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሬከርድስ ታተመ። ካይፋ የዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰው «ዓሊ ታንጎ» እያለ የሚጠራው ሰው ድርጅት ነው። በሸክላው ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይጫወታሉ። ፒያኖው የግርማ በየነ ነው። በእንግድነት የገባው ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ቫይብራፎን ይመታል። ገሚሱ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ዜማ ነው፤ «ሎሚ ተራ ተራ» አለ፣ «እባክሽ ታረቂኝ» አለ፣ በትግርኛ ስም የተጠራው «እቲ ጓል ብሌናይ» አለ። ከእነዚህ ጎን አዲስ ድርሰት ተቀመጠ፤ ከሁሉም የገነነው ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው።

«ሙዚቃዊ ስልት»ን ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት አላውቅም፤ የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ መጥረጌን የምፈትነው በእሱ ነበር። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይዞ አይለቅም። ድራሙ ከሥሯ ይገባል። ከዚያ ሳክስፎንና ትራምፔቱ አንድ ላይ ዜማውን ያነሱታል፣ ኦርጋኑ ደግሞ በመካከል እየገባ ይመልስላቸዋል። ሄዱ ቆሽሾ ከሆነ መጀመሪያ የሚታፈነው ትራምፔቱ ነው፤ ቀበቶው ላልቶ ከሆነ ቤዙ ያቃስታል። ማንም ዘፋኝ እንዲህ አድርጎ የቴፕ ጤና አይነግርም።

ባንድ ያለ ዘፋኝ ሸክላ ማውጣቱ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ዘመናዊው ሙዚቃችን የተወለደው በመንግሥት ጓሮ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሠረቱን ጣሉ፤ ከእነሱ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ፣ የደብረ ብርሃኑ ልጅ፣ ሙዚቃ የጀመረው በአሥራ አራት ዓመቱ በምድር ጦር ሙዚቃ ክፍል ነው። በእነዚያ ቤቶች መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ዘፋኙን አጃቢ ነው። በግል ክለብም ቢሆን ብዙ ጊዜ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ዋልያሶች ከዚህ ወጥተው በራሳቸው የቆሙ ባንድ ሆኑ፤ አዲስ አበባ ሂልተን ምሽት ምሽት የሚጫወቱትም በባንዱ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 «ትዝታ» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ካሴት አወጡ፤ «ቼ በለው» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ተመሳሳዩ በአሜሪካም ሆኗል። ቡከር ቲ እና ኤም ጂዎቹ በሜምፊስ የስታክስ ስቱዲዮ አጃቢዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 «ግሪን ኦኒየንስ»ን አወጡና በዚያ ስም የሰው ዘፈንና የራሳቸውን ድርሰት ቀላቅለው አልበም ሠሩ። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ስማቸው ከሙዚቃው ጋር አብሮ መሄዱ ነው።

የእኛዎቹ ሸክላ የወጣው በክፉ ቀን ነው። ቀይ ሽብር አገሩን እየናጠ ነበር፣ ሰዓት እላፊ ነበር። አዲስ አበባ ምሽት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ክፍለ ሀገር ግን ክለብ የለ፤ ያለው ሬዲዮ ነው። በሬዲዮ የሚተላለፍ ግጥም ደግሞ ተመርምሮ ያልፋል፤ ኦርጋን ምን ተናገርክ ተብሎ አይጠየቅም። በፕሮግራምና በፕሮግራም መካከል፣ ከዜና በፊት፣ ከማስታወቂያ ሥር የሚገባው እንዲህ ያለው ሙዚቃ ነበር። ሱቄ የሚመጡ ገበሬዎች «የሬዲዮኑን ሙዚቃ ቅዳልኝ» ይሉኝ ነበር። የጊቤና የሜጫ ሰው ዋልያስን ያወቀው በዚህ ስም ነው።

ሁለተኛው መንገድ መኪና ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ የሚታሸገውን የአምቦ ውሃ ጭነው አዲስ አበባ የሚወርዱ ሹፌሮች ሲመለሱ ከመርካቶ አዲስ ካሴት ያመጡልኝ ነበር፤ እኔ እቀዳለሁ፣ ዋናውን እመልሳለሁ። የነቀምት አውቶቡስ ከሆለታ አዲስ ዓለም፣ ከግንጪ አምቦ፣ ከጉደር ጌዶ፣ ከዚያ ባኮ እያለ ሲሄድ ተሳፋሪው በየከተማው ይቀያየራል። ኦሮምኛ የሚፈልግ አለ፣ አማርኛ የሚፈልግ አለ፣ ዘፈን ጭራሽ አጥፋልኝ የሚል መንፈሳዊ ሰው አለ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ መስኮቴ ላይ ተደግፎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ያንን ሰው የማይዘፍንበትን በሁለቱም ገጽ ሙላልኝ።»

«ሙሉውን? ሰው አይሰለችህም?»

«አቦ፣ እሱን ስከፍት ማንም አይጨቃጨቀኝም። ጌዶ ዳገት ላይ እንኳ ጸጥ ብለው ነው የሚሄዱት።»

ከእሱ በኋላ ሌሎች ሹፌሮች መጡ፤ ከሹፌሮቹ ቡና ቤቶቹ ሰሙ። መብራት በማይገባበት ገጠር ደግሞ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጡ እስከ መጨረሻው ያደምጡት ነበር።

ስሙ የወደቀውም በዚሁ መንገድ ነው። ካሴቱ ላይ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው፤ ትርፉ ላይ ያለውን ማን ይጽፈዋል? ለሹፌሮቹ የቀዳሁት ካሴት ጀርባ የሚነበበው «ክላሲካል 1»፣ «ክላሲካል 2» ነበር። ሬዲዮውም ስም አይጠራም። እንዲህ እያለ በምዕራብ ሸዋ ዜማውን ያላፏጨ ሰው ጠፋ፣ ኃይሉ መርጊያ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ሰዎቹም ከአገር ወጡ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሄዶ ኃይሉን፣ ግርማንና ሞገስን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ፤ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በመካከሉ ዓለም ሙዚቃውን ያዘው። የብሩክሊን ባንድ የሆኑት ዳክታሪስ እ.ኤ.አ. በ1998 «ሙዚቃዊ ስልት»ን በአልበማቸው አስገቡ። በ2013 ደግሞ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የ1985ቱን ካሴት እንደገና አሳተመው፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ሺምኮቪትዝ ያን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ይህን ብዙዎች እንደ ዕድል ያወሩታል፤ እኔ ግን ዕድል አልለውም። አዲስ አበባ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ይጥላል። ክፍለ ሀገር ሙዚቃ ቤት ግን ገዢ ያለውን ካሴት ሃያ ዓመትም ቢሆን ከመደርደሪያ አያወርድም። የባሕር ዳር፣ የአምቦ፣ የነቀምት ሙዚቃ ቤቶች ማንም ሳይሾማቸው የአገሪቱ የሙዚቃ መዝገብ ቤት ነበሩ። ይህን ሥራ የሚያመሰግን ሰው አልሰማሁም፤ መመስገን ግን ይገባዋል።

አሁን መዝገቡ ስልክና ዩቲዩብ ነው፤ የዋልያስ ሙዚቃም ሰርግ ቤት፣ ማስታወቂያ ሥር፣ ሬዲዮ ላይ ዛሬም ይሰማል፣ ዛሬም ብዙ ጊዜ ያለ ስም። እኛ ለመጻፍ ቦታ አልነበረንም፤ የካሴት ጀርባ ጠባብ ነው። የዛሬ ሰው ግን ይህን ማመካኛ የለውም። በአምቦም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ የኤፍ ኤም አዘጋጆች፣ ሙዚቃ የምትጭኑ ወጣቶች፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሥራ ስታሰሙ ኦርጋኑን ማን እንደተጫወተ፣ ትራምፔቱን ማን እንደነፋ፣ ዜማውን ማን እንደደረሰ ተናገሩ።