በጽሑፍ የሚቀባ መኪና

በአማርኛ መኪና የሚቀባበትም ብዕር የሚጽፍበትም ቀለም ነው። ግራንድ ቴፍት አውቶ በተባለው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ቀለሞች አንድ የሆኑበት ዘመን አለ። የመኪናው ቅብ ከጋራዥ ወጥቶ ኮድ በሚጽፈው ሰው እጅ ገባ። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ነው። ሆኖም ብዙ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ ሲኖሩ አንድ ምልክት እንዴት ትርጉም እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ጌም መደበቂያ የነበረው ቀለም መታወቂያ ሆኗል። ለውጡን ያመጣው ግን የተጫዋቾች የቀለም ፍቅር አልነበረም፤ ቀለም የመለወጥ ሥልጣን ከአንድ ሰው ኮምፒውተር ወደ ጋራ ሰርቨር መዛወሩ ነው።

መነሻውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የመጀመሪያው ግራንድ ቴፍት አውቶ ፖሊስ የሚያሳድደው ተጫዋች መኪናውን ይዞ ቀለም ቤት ከገባ፣ መኪናው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይወጣል፣ ወንጀሉም ይረሳለታል። በ2004 የወጣው ሳን አንድሪያስም ይህንኑ ወግ ጠብቋል። ፔይ ኤን ስፕሬይ የተባለው ቤት 100 የጌም ዶላር ተቀብሎ መኪናውን ይጠግናል፣ ራሱ በመረጠው ቀለም ይቀባል፣ አሳዳጁን ይመልሳል። ቀለሙን ራሱ መምረጥ የሚሻ ሰው ደግሞ ትራንስፌንደር ወደሚባለው ጋራዥ ይሄዳል። በሁለቱም ቦታ ጉዳዩ በተጫዋቹና በማሽኑ መካከል ያልቃል፤ የመኪናውን አዲስ መልክ አይቶ የሚታዘብ ሌላ ሰው የለም።

ሌላ ሰው የመጣው ከጌሙ ኩባንያ ውጭ ባሉ ሰዎች ሥራ ነው። በ2003 መልቲ ቴፍት አውቶ፣ በ2006 ደግሞ ሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር ለብቻ የተሠሩትን የግራንድ ቴፍት አውቶ ጌሞች በኢንተርኔት የጋራ አደረጓቸው፤ የኋለኛው በኋላ እትሞቹ እስከ 1000 ተጫዋች በአንድ ሰርቨር ያስተናግድ ነበር። ይህን ያህል ሰው አንድን መኪና ሲያይ ቀለሙን በየኮምፒውተሩ መተው አይቻልም፤ በአንዱ ዘንድ ቀይ የሆነው በሌላው ዘንድ ሰማያዊ ይሆናልና። ስለዚህ እውነቱን የሚይዘው ሰርቨሩ ሆነ፤ በሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር ሰርቨሩን የሚያዘው ደግሞ ፓውን በተባለ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት ነው። መኪና የሚፈጠርበት መስመር ዓይነቱን፣ ቦታውንና የዞረበትን አቅጣጫ ካሰፈረ በኋላ ሁለት የቀለም ቁጥሮችን ይጨምራል። 0 ጥቁር፣ 1 ነጭ ነው፤ -1 ከተጻፈ ቀለሙ በዕጣ ይወጣል። በኋላ ለመለወጥ ቼንጅ ቬሂክል ከለር የሚባል ትእዛዝ አለ። የመኪናውን መለያና ሁለት ቀለሞችን ይቀበላል፣ ሁሉም ተጫዋች ለውጡን ያያል። መኪናው ተቃጥሎ እንደገና ሲወጣ ግን ወደተፈጠረበት ቀለም ይመለሳል። ቀለሙ እንዲጸና የፈለገ ስክሪፕት ጸሐፊ በፋይል፣ ኋላም በዳታቤዝ መመዝገብ ነበረበት። ቀለም ከባለቤቱ ስም ጎን ተመዝግቦ የንብረት አካል የሆነው እዚህ ላይ ነው።

የወንበዴ ቡድኖች በዋናው ጌም ውስጥም ቀለም ነበራቸው፤ የግሮቭ ስትሪት አረንጓዴ፣ የባላስ ሐምራዊ ነው፤ ታዲያ ስክሪፕቱ ምን አዲስ ነገር አመጣ የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ቀለሞቹ ነበሩ። ነገር ግን ማንንም አያስሩም ነበር። ባላሶች ተጫዋቹ ላይ የሚተኩሱት ማንነቱን ጌሙ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ ሐምራዊ መኪና ውስጥ ስለተቀመጠ ወዳጅ አያደርጉትም። ከሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር ጋር አብሮ ይመጣ በነበረው ሪቨርሼል በተሰኘው ጨዋታ ግን አረንጓዴና ሰማያዊ ቡድኖች አንዱ የሌላውን ጀልባ ለመውሰድ ይፋለማሉ። በዚያ ወንዝ ላይ ቀለምን ተሳስቶ ማንበብ ወገንን መምታት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው። ከተጫዋቹ ራስ በላይ ስሙ ተጽፎ ይታያል፤ ታዲያ ቀለም ጌጥ እንጂ ምን ያደርጋል? መልሱ በርቀቱ ላይ ነው። ስሙ በተለመደው ሁኔታ የሚታየው እስከ 70 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ከፈለገም ጨርሶ ያጠፋዋል። በፍጥነት ለሚነዳ ሰው 70 ሜትር ዐይን እስኪጨፈን አያቆይም። ከዚያ አስቀድሞ ወዳጅንና ጠላትን የሚለየው ቀለም ነው።

በሌላ በኩል ማንም ተጫዋች አንዲት ትእዛዝ ጽፎ መኪናውን እንዳሻው የሚቀባባቸው፣ እንዲያውም በየሰከንዱ እንደ ቀስተ ደመና የሚያቀያይርባቸው ሰርቨሮች ሞልተዋል። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል፤ እኔ ግን ዋነኛ ማስረጃዬ አድርጌ እወስደዋለሁ። ቀለም ለሁሉም በነፃ በታደለበት ሰርቨር ሐምራዊ መኪና ሐምራዊ መኪና ከመሆን አያልፍም። ቀለም ቡድንን፣ ሥራን ወይም ባለቤትን የሚናገረው ስክሪፕቱ «አንተ አትችልም» በሚልበት ቦታ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ትራንስፌንደር ገብቶ ሲቀባ እንኳ ወሬው ለስክሪፕቱ ይደርሳል፤ ስክሪፕቱም ሊያስከፍል፣ ሊመዘግብ ወይም ወዲያው ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላል።

የቀለሙ ብዛትም ቢሆን ይህን አልለወጠውም። ሳን አንድሪያስ ሲወጣ የመኪና ቀለሞቹ ከ130 ያንሱ ነበር። መልቲ ቴፍት አውቶ ኋላ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን በቁጥር እየመጠኑ ማዋሃድን ፈቅዶ ምርጫውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አደረሰው። ይህን ሁሉ ቀለም የሚለይ ዐይን የለም። ትርጉም ያለው ቀለም አሁንም የሚገኘው ጥቂቶቹ ለጥቂቶች በተከለሉበት ሰርቨር ነው። የሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየርን ስክሪፕቶች የወረሰው ኦፕን ኤምፒም ያንኑ ቀለም የመለወጫ ትእዛዝ ከነሦስት ቁጥሮቹ ይዟል፦ አንድ መኪና፣ ሁለት ቀለም። የመኪናውን ቀለም ቁጥሮቹ ይወስናሉ፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ግን ከትእዛዙ በላይ ባለው መስመር ላይ ለማን እንደሚፈቀድ የተጻፈው ደንብ ነው።