ኢስትሊና የተዘጋው ባሕር

የናይሮቢው ኢስትሊ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ርቆ የሚገኝ ሰፈር ቢሆንም፣ የንግዱን ታሪክ ከባሕርና ከነፋስ ነጥሎ መረዳት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1921 ኢስትሊ ተብሎ ከተጠራው ከዚህ ሰፈር ቀደምት ነዋሪዎች መካከል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የመጡ ሶማሌዎች ነበሩ፤ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ስደተኞች ጋሪሳ ሎጅ የተባለውን የእንግዳ ማረፊያ ክፍል በክፍል ወደ ሱቅነት ለውጠው ሰፈሩን የምሥራቅ አፍሪካ ገበያ አደረጉት።

ቀደምቶቹ ሶማሌዎች በመጡበት ዳርቻ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ሳምቡክ የሚባሉት ጀልባዎች ከወደብ የማይወጡበት ስለሆነ ባሕሩ ተዘግቷል ይባላል። ባሕሩን የሚዘጋው ነፋስ በኬንያ ሰማይ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ሲሆን፣ ፊንድሌተር የተባለው የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1966 ስለዚሁ ጽፎ፣ በ1969 ደግሞ የምድር ወገብን ተሻግሮ እስከ አረብ ባሕር የሚዘልቅ ታላቅ የአየር ጅረት መሆኑን አሳይቷል። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከሶማሊያ ጠረፍ ሲያርቀው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፤ በራስ ሐፉን አካባቢም የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል።

ሳይክሎን የሚባለው የሐሩር ባሕር አውሎ ነፋስ ግን ውሃውን የሚያቀላቅለው በሌላ መንገድ ነው። ሞቃቱን የላይኛ ንጣፍ በብርቱ ሲያንቀሳቅሰው፣ ይህ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ዝግተኛ ውሃ ጋር በሚፈጥረው የፍጥነት ልዩነት የሁለቱ ድንበር ይፈርስና ጥልቁ ከላዩ ይደባለቃል፤ ይህም ቁመታዊ ቅልቅል ይባላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ቅልቅሉ ከአውሎ ነፋሱ መንገድ በስተቀኝ ይበረታል፤ በዚያ በኩል የነፋሱ አቅጣጫና በምድር መሽከርከር የሚዞረው የውሃ ጅረት አብረው ስለሚዞሩ ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ንጥረ ምግብ በዓይን የማይታዩትን የባሕር ዕፅዋት ያበዛል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ዘገምተኛውን አውሎ ነፋስ ራሱን ያዳክመዋል፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቃት ውሃ ነውና።

ባሕሩ የሚዘጋበትን ጊዜ የሚለየውና በበጋውና በክረምቱ ነፋሳት መፈራረቅ ላይ የተመሠረተው የመርከበኞች ዘመን አቆጣጠር ለሳይክሎን መከላከያ አልሆነም። በሐምሌና በነሐሴ የባሕሩ መቀዝቀዝና በከፍታ የሚለዋወጠው የነፋስ ፍጥነት አውሎ ነፋስ እንዳይወለድ ያግዳሉ፤ ሳይክሎኖቹ የሚበዙት ባሕሩ ከመዘጋቱ በፊትና ከተከፈተ በኋላ፣ ማለትም ሳምቡኮች በሚጓዙበት ወራት ነው። ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በግንቦት 2018 የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ በሶማሌላንድ ዳርቻ ሲያርፍ ዝናቡ እስከ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ መጠኑ ትንሽ የነበረው ሳይክሎን ጋቲም በኅዳር 2020፣ በሶማሊያ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆኖ ሐፉን አጠገብ ወደ የብስ ገባ።