ሸክላው ተሰደደ፤ ዘፈኑስ?

ዛሬ «ሸክላ» ሲባል ብዙው የከተማ ወጣት ጀበናና ድስት ነው የሚታየው። ለወላጆቹ ግን ሸክላ ማለት ዘፈን ነበር፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትሽከረከር፣ በግራና በቀኝ ፊቷ አንዳንድ ዘፈን ያዘለች ጥቁር ዝርግ ዕቃ። ይህች አሮጌ ሸክላ አሁን በኢንተርኔት ገበያ ትቸበቸባለች። ጭረት ያልበዛባት እንደሆነች በመቶ የሚቆጠር ዶላር የምታወጣበት ጊዜ አለ። ከገዢዎቿም መካከል የግጥሙን ትርጉም ጨርሶ የማያውቁ የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያስወደዳት ምንድን ነው? መልሱ ያለው ታሪኳ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተሙን ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ክልከላውን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ባሕር ማዶ ታትሞ ይመጣ ነበር። አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። ካይፋን የመሳሰሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት።

ዘመኑ ግን አጭር ነበር። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ገደለው፤ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴቱ ርካሽና በቀላሉ የሚባዛ ነበርና የቀረውን ገበያ ወሰደ። በ1978 የሸክላው ሕትመት አበቃ። በዚያ አሥር ዓመት የወጡት ትናንሽ ሸክላዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ አልበሞቹም 30 ያህል እንደሆኑ ይነገራል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በየቡና ቤቱ መርፌ ሲፋቁ የኖሩ ናቸው። ደህናው ጥቂት ሆነ፤ ጥቂት የሆነ ነገር ደግሞ ይወደዳል።

ፈላጊው የመጣው በኋላ ነው። በ1986 የማህሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ» ቤልጂግ ውስጥ እንደገና ታተመ። በዚህ ሥራ እጁ ያለበት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 አንስቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ጀመረ። በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ሲዲውን የሰማ ሰብሳቢ የመጀመሪያውን ሸክላ ፈለገ። በ2000 የተቋቋመው ዲስኮግስ የተባለው ድረ ገጽ ገበያውን አቀላጠፈለት። ሻጩ የሸክላውን መለያ ወረቀት ፎቶ ያነሣል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ የጭረቱን መጠን በደረጃ ይናገራል፤ ገዢው ይከፍላል፣ ፖስታ ቤት ያደርሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ዘፈን በስምምነት እንደገና ሲታተም ለባለ መብቱ ድርሻ ሊደርሰው ይችላል። አሮጌ ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ግን ለዘፋኙም፣ ለደራሲውም፣ ለአሳታሚውም ሰባራ ሳንቲም አይደርስም። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 በወራት ልዩነት አረፉ። የሥራቸው ዋጋ ሲንር ትርፉ ዕቃውን ለያዘው ሆነ።

ቢሆንም ሰብሳቢውን ብቻ መውቀስ አይገባም። እኛ ቁምሳጥን ሥር የጣልነውን እሱ አጥቦ፣ ቁጥሩንና ዓመቱን መዝግቦ አኑሮታል። የማን ሸክላ መቼ እንደወጣ ለማወቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ዛሬ የሻጮችን ዝርዝር ቢያገላብጥ ብዙ ይማራል። የሚያሳፍረው ሸክላው መሸጡ ሳይሆን ቅጂው እኛ ዘንድ ሳይቀር መሄዱ ነው። ከወላጆቹ የወረሰው ካርቶን በቤቱ ያለ ሰው መሸጥ መብቱ ነው። ከመሸጡ በፊት ግን ዘፈኑን ይቅዳ፣ የመለያውን ወረቀት ፎቶ ያንሣ። ዕቃው ሲሄድ ዘፈኑ እንዲቀር ይህችው ትበቃለች።