የሆንግ ኮንግ የባሕር ምግብ ሬስቶራንቶች

የሆንግ ኮንግ የባሕር ምግብ ሬስቶራንት (በካንቶንኛ ሆይ ሲን ጃው ጋ) ዓሣ፣ ሎብስተር፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ሌሎች የባሕር እንስሳትን በሕይወት እንዳሉ በውኃ ገንዳ አስቀምጦ፣ ደንበኛው ከመረጠ በኋላ አብስሎ የሚያቀርብ የምግብ ቤት ዓይነት ነው። የአበሳሰሉ ዘዴ የደቡብ ቻይና ማለትም የካንቶን ነው። በስሙ ውስጥ «ሆይ» ባሕር፣ «ሲን» ደግሞ ትኩስ ወይም ያልቆየ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ተጣምረው የባሕር ምግብን በጠቅላላ ይገልጻሉ።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ከዓሣ አጥማጆች መንደር ጥግ አንስቶ እስከ ትልልቅ ሆቴሎች ድረስ ይገኛሉ። ውዶቹ በአብዛኛው ለሰርግ፣ ለአረጋውያን ልደትና ለንግድ ስምምነት ግብዣ ይመረጣሉ። አንድ ዓሣ ከማብሰያው ጥበብ ይልቅ ውድ የሚሆነው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በሕይወት እንዲቆይ በሚወጣው ወጪ ነው። ገበታ ላይ የቀረበው ዓሣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ሲዋኝ መታየቱ ለእንግዳው የተሰጠ ክብር ማረጋገጫ ተደርጎ ይቆጠራል።

ታሪክ

ሆንግ ኮንግ በፐርል ወንዝ መግቢያ አጠገብ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ታንካ ተብለው የሚታወቁት ነዋሪዎቿ ለብዙ ትውልድ በጀልባ ላይ ተወልደው፣ በጀልባ ላይ ተድረው የኖሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። የሰርግ ድግሳቸውም በትልልቅ ጀልባዎች ላይ ይደረግ ነበር። በአበርዲን ወደብ የታወቁት ተንሳፋፊ ሬስቶራንቶች የመጡት ከዚህ ልማድ ነው። በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በተብላላ ጥቁር ሶያ የሚጠበሰው «የማዕበል መጠለያ ሸርጣን» የተባለው ምግብም፣ ጀልባዎች ከከባድ አውሎ ነፋስ በሚሸሸጉበት በኮዝዌይ ቤይ ወደብ የተፈጠረ ነው።

ከተንሳፋፊዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ጃምቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመከፈት ሲዘጋጅ በተነሣ እሳት 34 ሰዎች ሞቱ። በማካው የቁማር ቤቶች ባለሀብትነቱ የሚታወቀው ስታንሊ ሆ እንደገና አሠርቶ በ1976 ከፈተው። የቻይና ቤተ መንግሥት መልክ ያለው ይህ መርከብ ከምግቡ ይልቅ በመልኩ የታወቀ ነበር ማለት ይቻላል። በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጋ፤ በሰኔ 2022 ከሆንግ ኮንግ ተጎትቶ ሲወጣ በፓራሴል ደሴቶች አጠገብ በደቡብ ቻይና ባሕር ተገለበጠ።

የውዶቹ ሬስቶራንቶች ዘመን የመጣው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከከተማዋ ሀብት ማደግ ጋር ነው። በ1980ዎቹ የተፈጠረው ኤክስ ኦ የተባለው ማጣፈጫ የዚያን ጊዜ መንፈስ ያሳያል። የሚሠራው ከደረቀ ስካሎፕ፣ ከደረቀ ሽሪምፕ፣ ከጂንኋ የአሳማ ሥጋና ከሚጥሚጣ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከውድ የኮኛክ ደረጃ ነው፤ ኮኛክ ግን በውስጡ የለም። ሚሽለን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የ2009 የሆንግ ኮንግ እትሙን ሲያወጣ ለሉንግ ኪንግ ሂን ሦስት ኮከብ ሰጠ። በዚህም ሬስቶራንቱ ይህን ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው የቻይና ምግብ ቤት ሆነ።

ገንዳውና ሚዛኑ

በመግቢያው ላይ በመደዳ የተደረደሩት የመስታወት ገንዳዎች ማስጌጫ አይደሉም። ውኃው ያለማቋረጥ ይጣራል፣ አየር ይነፋበታል፣ ቅዝቃዜውም እንደ እንስሳው ዓይነት ይስተካከላል። የተበከለ የባሕር ውኃ በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ እንደ ቪክቶሪያ ወደብ ካሉ የተከለከሉ ቦታዎች ውኃ ቀድቶ ለምግብ የሚሆን ዓሣ ማኖር በሕግ አይፈቀድም።

ደንበኛው ገንዳው ድረስ ሄዶ ይመርጣል፤ ወይም አስተናጋጁ ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ጠረጴዛው ድረስ ያመጣል። ዓሣው ይመዘናል፣ ክብደቱና ዋጋው ይነገራል፣ የአበሳሰሉ ዓይነትም በዚያው ይወሰናል። መለኪያው ካቲ የተባለው ባህላዊ ክብደት ሲሆን፣ በሆንግ ኮንግ አንድ ካቲ 605 ግራም ያህል ነው። ካቲው በ16 ቴል ይከፈላል። በዋናው የቻይና ምድር ግን ተመሳሳዩ መለኪያ ልክ 500 ግራም ነው።

የዋጋ ዝርዝሩ በብዙ ምግቦች አንጻር ቁጥር አይጽፍም፤ «ሲ ጋ» ማለትም «የወቅቱ ዋጋ» ይላል። የዓሣ ዋጋ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ አሠራሩ ምክንያት አለው፤ ሆኖም ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። በቴል የተጻፈን ዋጋ የካቲ መስሎት ያዘዘ ሰው ካሰበው 16 እጥፍ ይከፍላል። በእንግዳ ፊት ዋጋ መጠየቅ እንደ ንፉግነት ሊታይ ስለሚችል ጋባዡ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ልምድ ያላቸው ጋባዦች በበኩላቸው ቀድመው ደርሰው ዋጋውን ጨርሰው ይጠብቃሉ። ችግሩ የሆንግ ኮንግ ብቻም አይደለም። በጥቅምት 2015 በሰሜን ቻይና የወደብ ከተማ በቺንግዳኦ አንድ ምግብ ቤት 38 ዩዋን ብሎ ያቀረበውን ሽሪምፕ በሰሃን ሳይሆን በፍሬ አስቦ 1,520 ዩዋን ጠየቀ። ጉዳዩ በመላ አገሪቱ መነጋገሪያ ሆነና ቤቱ 90,000 ዩዋን ተቀጣ።

እንደ ሌይ ዩ ሙን ባሉ የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ መንደሮች አሠራሩ ይለያል። ደንበኛው ዓሣውን ከሻጩ ገዝቶ ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ይወስዳል፤ ምግብ ቤቱ የማብሰያ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል። በየትኛውም ቤት ቢሆን በሒሳቡ ላይ የሻይ፣ ሳይታዘዝ የሚቀርብ የለውዝ ወይም የአትክልት ሰሃንና አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ መጨመሩ የተለመደ ነው።

አበሳሰል

የካንቶን አብሳይ ጥሩ ዓሣ ቅመም አይፈልግም የሚል እምነት አለው። ሙሉው ዓሣ ከነራሱ በኃይለኛ እንፋሎት ይበስላል፤ 600 ግራም ለሚመዝን ዓሣ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ የወጣው ፈሳሽ ይደፋል፣ በቀጭን የተከተፈ ዝንጅብልና ለጋ የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል፣ የጋለ ዘይት ይፈስበታል፣ በመጨረሻም ሶያ ሶስ ይጨመራል። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ መላቀቅ አለበት፤ አጥንቱ አጠገብ ግን ጥቂት ለጋነት ቢቀር ይወደዳል። አንድ ደቂቃ መዘግየት ሥጋውን ስለሚያደርቀው የአብሳዩ ችሎታ የሚመዘነው በዚህ ቀላል በሚመስል ምግብ ነው።

ሽሪምፕ በፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ከነቅርፊቱ ይቀርባል። ተመጋቢው በጣቱ ስለሚልጠው አብሮት በሳህን ሻይ ይመጣል፤ ይህ ሻይ ለእጅ መታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ሎብስተር በዝንጅብልና በሽንኩርት ይጠበሳል፣ ስካሎፕ በነጭ ሽንኩርትና በቀጭን ፓስታ በእንፋሎት ይበስላል።

የገበታ ሥርዓት

ገበታው ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት ስላለ ሁሉም ከአንድ ሰሃን ይካፈላል። ተመጋቢዎች ሲቀመጡ ሲኒያቸውንና ጎድጓዳ ሳህናቸውን በሻይ ማጠባቸው የቆየ ልማድ ነው፤ በውድ ሬስቶራንቶች ግን ብዙም አይታይም። ሻይ ለቀዳ ሰው ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ በማድረግ ምስጋና ይቀርባል፤ የጀበናውን ክዳን ገለጥ አድርጎ መተው ደግሞ ውኃ ይጨመር ማለት ነው።

ዓሣው የሚመጣው ከሾርባውና ከሌሎች ዋና ምግቦች በኋላ፣ ከሩዙና ከኑድሉ በፊት ነው። ራሱ ወደ ክቡሩ እንግዳ ይዞራል። የላይኛው ጎን ሲያልቅ ዓሣውን መገልበጥ የጀልባ መገልበጥን ስለሚያስታውስ በዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ዘንድ ይጠላል፤ ስለዚህ አጥንቱ ይነሣና ከሥር ያለው ይበላል። «ዩ» የሚለው የዓሣ ስም «ትርፍ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ ስላለው በአዲስ ዓመት ገበታ ላይ ዓሣ አይቀርም።

በትልልቅ ግብዣዎች ከሕያው ዓሣ ሌላ ደረቅ አባሎኒ፣ የባሕር ኩከምበር፣ የሻርክ ክንፍና የዓሣ አየር ከረጢት የክብር ምግቦች ናቸው። ከእነዚህ የሻርክ ክንፍ በራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፤ ጣዕሙ የሾርባው ነው። በ2012 የፔኒንሱላ ሆቴሎች ማቅረብ አቆሙ፣ በ2013 የሆንግ ኮንግ መንግሥት ከይፋዊ ግብዣዎቹ አስወጣው።

በኮራል ሪፍ ላይ ያደረሰው ጉዳት

ለሕያው ዓሣ ያለው ፍላጎት በመጀመሪያ የደቡብ ቻይና ባሕርን ሪፎች አራቆተ። ከዚያ አጥማጆች ወደ ፊሊፒንስ፣ ቀጥሎም ወደ ኢንዶኔዥያና ከዚያ ራቅ ወዳሉ ደሴቶች ሄዱ። ዓሣውን ሳይገድሉ ለመያዝ በብዙ ቦታ ሶዲየም ሳያናይድ በጠርሙስ ወደ ኮራሉ ስንጥቅ ይረጫል። ዓሣው ደንዝዞ ይወጣል፤ ኮራሉ ግን ይሞታል።

ከሁሉ የተጎዳው በካንቶንኛ ሶ ሜይ የሚባለው ናፖሊዮን ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ እስከ ሁለት ሜትር ሊረዝምና 30 ዓመት ያህል ሊኖር ይችላል፤ ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ አንዳንድ ሴቶች በኋላ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። ሬስቶራንቶች የሚፈልጉት ደግሞ ሰሃን ላይ የሚበቃውን፣ ከ600 ግራም እስከ አንድ ኪሎ የሚሆነውን ነው፤ ይህም ገና ያልወለደ ልጅ ዓሣ ማለት ነው። በ2004 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት መደበው፤ በዚያው ዓመት ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በሆንግ ኮንግ ለሽያጭ የሚይዘው ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሆኖም አንድ ዓሣ ሲሸጥ በፈቃዱ ሌላ ያለ ፈቃድ የገባ ዓሣ መተካት ቀላል ነው። በዓይኑ ዙሪያ ያሉት መስመሮች እንደ ሰው አሻራ ከዓሣ ዓሣ ስለሚለያዩ፣ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓሣውን በፎቶግራፍ ለይቶ የሚያውቅ የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል።

ትልልቅ የሪፍ ዓሦች ለተመጋቢውም አደጋ አላቸው። ሲጓቴራ የተባለው መርዝ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ተነሥቶ በትልቁ ዓሣ ሰውነት ይከማቻል፤ በማብሰል አይጠፋም፣ የትኩስነት ምልክቶችም አያሳብቁትም። ገንዳ ውስጥ በጤና የሚዋኝ ዓሣ ሊኖረው ይችላል።

ዛሬ በገንዳዎቹ ውስጥ ከሚታዩት ዓሦች ብዙዎቹ በእርባታ ያደጉ ናቸው። ከነብር ግሩፐርና ከግዙፉ ግሩፐር የተዳቀለው ሳባ ግሩፐር በፍጥነት ስለሚያድግና ርካሽ ስለሆነ ተስፋፍቷል። የቆዩ ደንበኞች ሥጋው ወፍራምና ጣዕሙ ደብዛዛ ነው ይላሉ፤ በሰርግ ገበታ ላይም ቀይ ቀለሙ እንደ መልካም ዕድል የሚቆጠረውን ዶንግ ሲንግ ባን የተባለውን የሪፍ ግሩፐር ይመርጣሉ።