ተፈሪ ሱሪና የአራዳ ፈረሰኛ

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን አንድ አዛውንት ቀብረን፣ ሠልስታቸውም ወጥቶ፣ ድንኳኑን ነቅለን ስናበቃ ቤተሰቡ ሣጥናቸውን ከፈተ። ሣጥኑ በ2016 ዓ.ም. የዶሮ ማነቂያ ቤቶቻችን ሲፈርሱ ሳይከፈት በጭነት መኪና ወደ ኮንዶሚኒየም የተጓዘ ነው። ከጋቢውና ከአሮጌው ደብዳቤ ሥር አንድ ሱሪ ወጣ። ከወገቡ በታች ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ተዘርግቷል፤ ከጉልበቱ በታች ደግሞ እጅ እንኳ በግድ የሚገባበት ጠባብ ነው። የሟቹ አባት በበቅሎ ሲወጡ የሚለብሱት ተፈሪ ሱሪ ነበር።

ወጣቶቹ ሳቁ። የልጅ ልጅየው ግን ሠርጉ ቀርቦ ነበርና ወደደው። «ይኼን ክንፉን አስቆርጬ፣ ጭኑን አስጠብቤ ለሠርጌ እለብሰዋለሁ» አለ። እኛም አፋችንን ሞልተን «ተው! አትቁረጠው!» አልነው። «ለምን?» ሲለን ግን እርስ በርሳችን ተያየን። «የአባቶች ነው» ከማለት በስተቀር መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ነው። ትንሽ ዘግይቷል፤ ቢሆንም የዕድራችን ነገር ሁሉ እንደዚያው ስለሆነ ይቅርታ አንጠይቅበትም።

እንግዲህ ከሱሪው እንጀምር። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሱሪ ሁሉ ሱሪ ነው። ኮርቻ ላይ ሲወጡ ነው ጉዱ የሚታየው። ፈረሰኛ ጭኑን ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ባቱን ከፈረሱ ጎን አጣብቆ ይቀመጣል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ሱሪ የለበሰ እንደሆነ ጨርቁ በዳሌና በጭን ላይ ይወጠራል፤ ከመወጠሩም የተነሣ ወደ ላይ ይሸሻል። ሲሸሽ ባቱ ይራቆታል፤ የተራቆተውን ባት ደግሞ እርካቡ የተንጠለጠለበት ጠፍር ይቆነጥጠዋል። እንዳይወጠር ብለው ሙሉውን ሰፊ ቢያደርጉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተረፈው ጨርቅ በጉልበትና በኮርቻ መካከል ይሸበሸባል፤ ያቺ ሽብሻብ ግማሽ ቀን ስትፈገፍግ ቆዳ ትልጣለች። ከሁሉ የከፋው የውስጥ ጭን ስፌት ነው። ስፌቱ ከሰውየውና ከኮርቻው መካከል ከዋለ ማታ ሰውየው እግሩን አንፈራጦ ነው ቤቱ የሚገባው።

የተፈሪ ሱሪ መልሱ ይኸው ነው። ከላይ ጨርቁን ይለቅለታል፤ ክንፍ የምንለው ያ ትርፍ ጨርቅ ጭን ሲከፈትና ሰውየው ሲነሣ ሲቀመጥ የሚሳብ መጠባበቂያ ነው። ከጉልበት በታች ደግሞ ባቱን ጨምድዶ ይይዛል፣ በቁልፍ ይዘጋል፤ አይሸሽም፣ አይሸበሸብም። በውስጥ በኩል፣ ጉልበት ኮርቻውን በሚነካበት ላይ፣ ደህና ሰፊ ድርብ ጨርቅ ያደርግበታል። የሣጥኑን ሱሪ ገልብጠን ስናየው ይኸው ድርብ ነበረው። ሁለት ጊዜ እንደተለወጠም ያስታውቃል፤ የታችኛው ስፌት ቀዳዳ ገና አልጠፋም። እኚያ ሰው ሱሪውን ለጌጥ እንዳልያዙት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በውጭ አገር ዛሬ የፈረስ ሱሪ ክንፍ የለውም። የሚለጠጥ ክር እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ውስጥ ከተፈለሰፈ ወዲህ ጨርቁ ራሱ ስለሚሳብ ትርፍ መተው ቀርቷል። አቡጀዲና ካኪ ግን አይለጠጥም። ጨርቁ እምቢ ያለውን በመቀስ ማግኘት ነበረባቸው።

ታዲያ ከዚያ በፊት አባቶቻችን ምን ለብሰው ይጋልቡ ነበር? የሀገራችን ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ነበር። እርካቡም ዛሬ እንደምናየው ሙሉ እግር የሚገባበት ሳይሆን ትንሽ የብረት ቀለበት ነበረች፤ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ ይይዛታል። የማያምነን ካለ በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን እግር ይመልከት። ሁላችንም ዘንዶውን ስናይ እግሩን ሳናይ አርጅተናል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሱሪ ከጥጥ የተሠራ፣ በባት ላይ የተጣበቀ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚቀር ነበር፤ ቆላ ለሚወርድ፣ ወንዝ ለሚሻገር ሰውም ቁምጣ ነበረለት። ከታች የጠበበ ሱሪ እንግዲህ ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

የመኳንንቱም ሚስቶች ቢሆኑ የአውሮጳ እመቤቶች እንደሚያደርጉት በአንድ ጎን ተንጠልጥለው አይሄዱም ነበር። እግራቸውን ግራና ቀኝ አድርገው እንደ ወንድ በበቅሎ ይቀመጣሉ። ለዚህም ከቀሚሳቸው ሥር ጠባብ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሐር የተጠለፈ፣ በቅሎዋ ስትራመድ ብቅ እያለ የሚታይ። ሴት ልጆቻችን ሱሪ ለበሱ ብለን በየቤቱ ጠብ ያነሣን ሰዎች ይህን ሳናውቅ ነው ያን ሁሉ የተቆጣነው።

ለመንገድ በቅሎ፣ ለውጊያ ፈረስ ነበር ደንቡ። ትልቅ ሰው በሰጋር በቅሎ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ ተለጉሞ በአሽከር ይሳባል። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በቅሎ ስትሰግር ወንበር ላይ የተቀመጡ ያህል ነው። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ ግን ሰውን ያነጥራል፤ ያን ጊዜ ነው ሱሪ የሚፈተነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አራዳ ከዓድዋ ድል በኋላ በጊዮርጊስ ዙሪያ የከተማው ገበያ ነበረች። ወደ ገበያውም፣ ወደ ችሎቱም፣ ወደ ግቢም የሚሄደው ሁሉ ክብር ካለው በበቅሎ ነበር፤ አሽከሮቹ በፊትና በኋላ በሩጫ ይከተላሉ። ቁልቁለትና ዳገቱን፣ የክረምቱን ጭቃ እናንተም ታውቁታላችሁ። የረጠበ የጥጥ ሱሪ ጭን ላይ ሲጣበቅ ምን እንደሚያደርግ አንነግራችሁም። የመጀመሪያውን አውቶሞቢል እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ መጣ፤ ንጉሡም ተሳፈሩበት። ሆኖም ለከተማው ሰው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት መኪና ማለት በቅሎ ነበረች።

ጨርቁን የሚያመጡት ህንዶች ነበሩ። ከእነርሱም ዋነኛው ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. እስኪያባርረው ድረስ አራዳ ላይ ስመ ጥር የነበረው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጨርቁ በዛ። የህንድና የአርመን ልብስ ሰፊዎች በመኪና ይሰፉ ጀመር፤ የእኛም ሰዎች ከእነርሱ ተማሩ። መቀስ የያዘ ሰው ባለበት ደግሞ የልብስ ቅድ ከአገር አገር ይሄዳል።

በህንድ አገር በራጃስታን ጆድፑር የምትባል ከተማ አለች። የዚያ አገር ሰዎችም ከታች የጠበበ ሱሪ የቆየ ልማዳቸው ነው። ከመስፍኖቻቸው አንዱ ፕራታፕ ሲንግ የፈረስ ኳስ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር፤ በ1889 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ስድሳኛ ዓመት በዓል ለንደን ሲሄድ ከነቡድኑ ይህንኑ ከላይ የሰፋ ከታች የጠበበ ሱሪ ለብሶ ታየ። እንግሊዞች ወደዱት፣ ቀዱት፣ በከተማይቱም ስም ጆድፑር አሉት። ከዚያ ወዲህ የዓለም ፈረሰኛ ሁሉ ለበሰው።

የእኛ ሰው ግን ጆድፑርን አያውቅም፤ የሚያውቀው ራስ ተፈሪን ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን በመስከረም 1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ በአደባባይ ሲታዩ ካባ ደርበው፣ ባት ላይ የጠበበ ነጭ ሱሪ ለብሰው ነበር። በ1916 ዓ.ም. አውሮጳን ሲጎበኙ በተነሡት ፎቶግራፍም እርሳቸውና አብረዋቸው የሄዱት መኳንንት እንዲሁ ናቸው። ሕዝቡ ሱሪውን በለባሹ ስም ጠራው። እኛ በበኩላችን ሱሪው የህንድ ነው፣ የሀገር ነው በሚለው ክርክር አንገባም። በባት ላይ የጠበበው የራሳችን ነበር፤ ከላይ የተጨመረው ክንፍ አብሮት ተሰፋ፤ የኮርቻ ሰው ቅልል ሲለው ተቀበለው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ የመንገዱም የትምህርት ቤቱም ስም ተለወጠ። ሱሪውን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ «ተፈሪ ሱሪ» ያለ ሰው የፈለገውን አግኝቶ ወጥቷል።

ከሱሪው ጋር ጫማ መጣ፣ ከጫማው ጋር እርካቡ ሰፋ። ባት ላይም ገምባሌ ታሰረ፤ ስሙን ከጣሊያንኛ ወስደነዋል። ለወታደሩ ደግሞ በባቱ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ነበረለት። ገምባሌ ጥሩ ነገር ነው፤ የእርካቡን ጠፍር ቁንጥጫ ያስቀራል። መጥፎነቱ በዝናብ ከራሰ በኋላ ሲደርቅ እንደ እንጨት መድረቁ ነው።

የአራዳ በቅሎ ከምን ጊዜ ጀምሮ ጠፋች ቢሉ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥቀስ አይቻልም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ የምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ አጠገብ ሲመረቅ አደባባዩ ገና የፈረስ አደባባይ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ሐውልቱን አነሣ፤ ገበያውንም ከአራዳ ነቅሎ መርካቶ ወሰደው፤ ለሰፈራችንም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጋሪው፣ ታክሲው፣ አውቶቡሱ እየበዛ ሲሄድ በቅሎ ከፒያሳ መንገድ ወጣች። ተፈሪ ሱሪም ወደ ሣጥን ገባ።

እዚህ ላይ ለዕድርተኛ የሚሆን አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በዱሮው ለቅሶ የትልቅ ፈረሰኛ ሞት ሲነገር ፈረሱ ተጭኖ፣ ተሸልሞ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል። ጋሻውና ጦሩ፣ ጠመንጃው፣ ልብሱም ይወጣል። አልቃሹም ሰውየውን በክርስትና ስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም ይጠራዋል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ነበሩ። ባዶ ኮርቻ የተሸከመ ፈረስ ሲያልፍ ያየ ሰው ማን እንደሞተ ለመጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። የዛሬው ዕድር ጡሩንባ ነፊና ድንኳን አለው፤ ፈረስ የለውም። ሣጥኑ ሲከፈት ያ ሱሪ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ባየነው ጊዜ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች እንደገና አለቀሱ፤ ወጣቶቹም ሳቃቸውን ያቆሙት ያን ጊዜ ነው።

ፈረስ ከሀገር ጠፋ ማለት ግን አይደለም። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን በፈረስ ያከብራል። የካቲት 23 ቀን በምኒልክ አደባባይ ፈረሰኞች ሲመጡም እናያለን፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በ2016 ዓ.ም. እዚሁ ፒያሳ ተመርቋል። ከፈረሰኞቹ አንዳንዱ ወጣት ጂንስ ለብሶ ነው የሚወጣው። የጂንስ የውስጥ ስፌት ደግሞ ድርብና ወፍራም ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። በዓሉ የአባቶች መታሰቢያ ከሆነ ሱሪያቸውንም አብሮ ማሰብ ጭን ያድናል።

ወደ ሙሽራው እንመለስ። አያቱ የተቀመጡበትን ሱሪ አለመቁረጥ ተስማማ፤ እናቱም መልሰው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እርሱ ግን በአምሳያው ሌላ አሰፋ። ሠርጉ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነበርና ጓደኞቹ በተከራዩት ፈረስ ወደ ድንኳኑ ገባ፤ እኛም እልል አልን። ርቀቱ ከአስፋልቱ እስከ ድንኳኑ ብቻ ነው። ሲወርድ ግን ፊቱ ትክክል አልነበረም፤ ወደ ሙሽሪት ሲሄድ እግሩን ከፈት ከፈት አድርጎ ይራመዳል። በኋላ ስንጠይቀው ልብስ ሰፊው ክንፉን አሳምሮ እንደሠራ፣ በጉልበቱ ውስጥ ግን ድርቡን እንደተወው፣ ስፌቱንም መሀል ለመሀል እንዳወረደው ነገረን።

«አሮጌውን ሱሪ ገልብጠህ አላሳየኸውም?» አልነው።

«በደጁ ነው ያሳየሁት» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቱን ሣጥኑን አስከፍቶ፣ ሱሪውን ገልብጦ በፌስታል ይዞ ወደ ልብስ ሰፊው ተመለሰ።