ሯጭና ውሃው
ከባዶ እጅ እስከ ወገብ ቀበቶና የጀርባ ከረጢት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960)፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሮምን የኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም የተነጋገረው ስለ እግሩ ነበር። ጫማ ሳያደርግ መሮጡ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ሲተረክ ይኖራል። ስለ እጁ የተናገረ ግን ጥቂት ነው። እጁም ባዶ ነበር። ይህም የእርሱ ምርጫ አልነበረም። በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረው የዓለም አቀፉ አማተር አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደንብ ማንኛውም የማራቶን ሯጭ የራሱን መጠጥ ይዞ እንዳይሮጥ ይከለክል ነበርና።

ዛሬ በየከተማው ጎዳና ውሃ የሚይዝ ቀበቶ የታጠቁ፣ ወይም ጠፍጣፋ ከረጢት በጀርባቸው ያዘሉ ሯጮችን ማየት የተለመደ ሆኗል። ከክልከላ ወደ ቀበቶ የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። በመካከሉ የተሳሳተ እምነት፣ የሰው ሕይወት መጥፋትና ረጅም የሳይንስ ክርክር አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ታሪክ በአጭሩ መተረክና ለእኛ ለመምህራን፣ በተለይም የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለምንመራው፣ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

የመንገደኛው ስንቅ

እንደሚታወቀው ያገራችን መንገደኛ ውሃን ከስንቁ ለይቶ አያይም ነበር። ደገኛው ውሃውን በቅል ይዞ ይጓዛል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች ከፍየል ቆዳ የተሰፋ የውሃ መያዣ በግመልና በበቅሎ ላይ ይጭናሉ። ወታደሩም ኮዳውን በወገቡ ታጥቆ ይዘምታል። እንግዲህ ውሃን በሰውነት ላይ አስሮ መሄድ ዛሬ የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። የሚያስገርመው ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያውቀውን ነገር የሩጫ ውድድር ለብዙ አሥርት ዓመታት መርሳቱ ነው።

ውሃ እንደ ድክመት የተቆጠረበት ዘመን

ዘመናዊው ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ሲጀመር የመጠጥ ነገር በሥርዓት የታሰበበት አልነበረም። አሸናፊው ግሪካዊ ስፒሪዶን ሉዊስ በመንገድ ላይ ወይን እንደጠጣ ይተረካል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1904፣ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የተደረገው ማራቶን ግን ውሃ መንፈግ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ አሳየ። ቀኑ ሞቃት፣ መንገዱ አቧራማ ነበር። ውሃ የሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሆን ተብሎ እጅግ ጥቂት እንዲሆን ተደረገ። የውድድሩ አዘጋጅ ሰውነት ያለ ውሃ ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ፈልጎ ነበር። ከ32 ሯጮች መካከል እስከ መጨረሻው የደረሱት 14 ብቻ ናቸው። አሸናፊው ቶማስ ሂክስ ውሃ ሲለምን ረዳቶቹ ከልክለውት አፉን ብቻ አረጠቡለት፤ በምትኩ የእንቁላል ነጭ፣ ብራንዲና ስትሪክኒን የተባለ መርዝነት ያለው መድኃኒት ሰጡት። ወደ መጨረሻው መሥመር የደረሰውም እየተደገፈ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም በተደረገው ማራቶን ሁለት ነገሮች ሆኑ። ግንባር ቀደም ከነበሩት ሁለት የደቡብ አፍሪካ ሯጮች አንዱ፣ ክርስቲያን ጊትሻም፣ ጓደኛው እንደሚጠብቀው ተስፋ አድርጎ ውሃ ሊጠጣ ቆመ። ጓደኛው ኬን ማክአርተር ግን ሳይጠብቀው ሮጦ ወርቁን ወሰደ፤ ጊትሻምም ሁለተኛ ሆነ። ከዚህ ታሪክ የዘመኑ ሯጮች የተማሩት ውሃ የሚጠጣ ይሸነፋል የሚለውን ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ቀን ግን ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙቀቱ በመንገድ ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። ላብ እንዳይወጣው ሰውነቱን በስብ ቀብቶ ነበር ይባላል። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ መሆኑን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ምሳሌ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሆኖም እምነቱ አልተለወጠም። በ1950ዎቹ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መጠጥ የሚሰጠው ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ይኸውም አዘጋጆቹ ካቀረቡት ሌላ ምንም እንዳይወሰድ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ተከታዩን ከ17 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወደ ስታዲየም ገባ። ነገር ግን ፀሐይና የገዛ ፍጥነቱ አቃጥለውት ስለነበር በተመልካች ፊት ደጋግሞ ወደቀ፤ ውድድሩንም ሳይጨርስ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በውድድር አልተሰለፈም።

ሮም፣ ሜክሲኮና የተሳሳተ ድምዳሜ

የአበበ ድል የተገኘው በዚህ ደንብ ሥር ነው። «አበበ ባዶ እጁን ሮጦ ካሸነፈ ውሃ ምን ያደርጋል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ታሪክን በጥንቃቄ ማንበብ ይጠይቃል። አንደኛ፣ የሮም ማራቶን የተጀመረው ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ ነበር፤ አበበም በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የገባው ከመሸ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ስለነበር የተጠማው እርሱ ብቻ አልነበረም። ሦስተኛ፣ አንድ አሸናፊ ስለ ደንቡ ጥሩነት አይመሰክርም። ደንቡን ለመመዘን ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ የቀረውንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ ድል ያደረገባት ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። በእንዲህ ያለ ደጋ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ላብ ከመታየቱ በፊት ይተናል፤ ሯጩም ያላበው አይመስለውም። ስለሆነም ያገራችን ደጋ «ውሃ አያስፈልግም» የሚል የተሳሳተ ስሜት የሚሰጥ መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

የኋለኛው ዘመን ምሳሌ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዱባይ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ በላብ እንዳጣ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በመንገዱ ግን በየጣቢያው ይጠጣ ነበር። ይህ ለዓመታት የሠለጠነ ሰውነት የሚችለው እንጂ የ15 ዓመት ተማሪ የሚለካበት ሚዛን አይደለም።

ሳይንስ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው

የሥነ ሕይወት መምህራን እንደሚያስረዱት ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላቡ የሚገኘው ከሰውነት ውሃ ስለሆነ የወጣው ሁሉ ባይሆንም የተወሰነው መተካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ እግር ኳስ (የአሜሪካ ፉትቦል) ተጫዋቾች ጨውና ስኳር ያለው መጠጥ ተቀመመ። በ1969 የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በማራቶን ውሃ ማነስ ያለውን አደጋ በጽሑፍ አወጡ። ዓለም አቀፉ ደንብም እየላላ ሄዶ የመጀመሪያው የመጠጥ ጣቢያ ከ15 ኪሎ ሜትር ወደ 11፣ ቀጥሎም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ቀረበ።

ነገር ግን ከአንድ ስህተት የወጣ ወደ ተቃራኒው መውደቁ የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ ሯጮች «የቻላችሁትን ያህል ጠጡ» ተባሉ። ከዚህም የተነሳ ቀስ ብለው ለረጅም ሰዓት የሚሮጡ ብዙዎች ከላቡ በላይ ጠጥተው የደማቸው ጨው ቀጠነ። ይህ ሕመም ራስ ምታት፣ ማስመለስና መደናገር ያስከትላል፤ ሲብስም ይገድላል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው የደማቸው ጨው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። በ2007 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ምክሩን አሻሽሎ፣ ዓላማው ከ2 በመቶ በላይ ክብደት ላለማጣት፣ በሌላ በኩልም ክብደት ላለመጨመር እንዲሆን አደረገ። ለአዋቂ ረጅም ርቀት ሯጭ መነሻ የሚሆነው መጠንም በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው።

ቀበቶውና ከረጢቱ

የጀርባ ውሃ ከረጢት አጀማመር ለተማሪዎች ቢነገር የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በቴክሳስ፣ ሙቀቱ በሚያቃጥልበት 160 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት ጉዞ፣ ማይክል ኢድሰን የተባለ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ አንድ የግሉኮስ ከረጢት ውሃ ሞልቶ በካልሲ ውስጥ ከተተው፤ ከሸሚዙ ጀርባ ጋርም አያይዞ ቱቦውን በትከሻው አሳለፈና በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ካሜልባክ የተባለው ከረጢት የተወለደው ከዚህ ነው። ግመል በስሙ መጠራቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ሯጭ ከመነሻው ጀምሮ የያዘውን ወይም ከጣቢያ የተቀበለውን መጠጥ በእጁም ሆነ በሰውነቱ አስሮ እንዲሄድ ይፈቅዳል። የ1950ዎቹ ክልከላ ፈጽሞ ተገለበጠ ማለት ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? መልሱ የሚገኘው ከገበያው ሳይሆን ከመንገዱ ነው። በመጀመሪያ የሚጠየቀው «የሚቀጥለው ውሃ የት ነው?» ተብሎ ነው። ጣቢያ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ባለበት ውድድር ምንም መሸከም አያስፈልግም። በሱሉልታና በሰንዳፋ መንገድ የሚሠለጥኑ አትሌቶች ረጅም ሩጫ ሲሮጡ አሠልጣኞቻቸው በመኪና እየተከተሉ ውሃ ያቀብሏቸዋል። ብቻውን የሚሮጥ ግን ማስላት አለበት። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢጠጣ አንድ ሊትር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል። መንገዱ ደርሶ መልስ ከሆነ ግማሹን እመንገድ ዳር ሱቅ በአደራ ቢያስቀምጥ ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀበቶ የሚስማማው እስከ ግማሽ ሊትር ለሚይዝ ሰው ነው። ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች ሚዛን ይጠብቃሉ። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ፣ ሲሮጡ አለመዝለል፣ ትንፋሽም አለመያዝ አለበት። የጀርባ ከረጢት የሚያስፈልገው ከአንድ ሊትር በላይ ለሚይዝ፣ ውሃ በሌለበት ገጠርና ተራራ ለሚሮጥ ነው። ጉድለቱ ጀርባን መሸፈኑና ላብ እንዳይተን ማድረጉ ነው። ውስጡ የቀረውን አየር ከረጢቱን ገልብጦ በቱቦው ስቦ ማውጣት ውሃው እንዳይንቦጫቦጭ ይረዳል። ከሩጫ በኋላም ቱቦው ጭምር ታጥቦ ካልደረቀ፣ በተለይ ስኳር ያለው መጠጥ ከነበረበት፣ ይሻግታል። ሁለቱንም ቢሆን በልምምድ ሳይፈትኑ በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መታጠቅ አይገባም። ውድ ዕቃ መግዛትም ግዴታ አይደለም። ከጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ ቀበቶና ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ከረጢትም የተሠራው ከካልሲ መሆኑን አንርሳ።

የሜዳው ደንብ አውጪ

በየትምህርት ቤቱ ሜዳ «እየሮጡ ውሃ መጠጣት ጎን ይወጋል፣ ያደክማል» ሲባል እስከ ዛሬ ይሰማል። በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ሆድን እንደሚከብድ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ መከልከል ግን የ1904ን ስህተት መድገም ነው። በስታዲየም ውስጥ ደንብ የሚያወጣው ፌዴሬሽን ነው፤ በትምህርት ቤት ሜዳ ግን መምህሩ ነው። ተማሪ መምህሩን አክብሮ ወይም ፈርቶ «ተጠማሁ» ላይል ይችላል። ሳይጠየቅ መፍቀድ የእኛ ፋንታ ነው።

በመሆኑም ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ሩጫ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሆን ደግሞ በመንገዱ ላይ ውሃ ማዘጋጀት፣ ተማሪውም እንደ ጥሙ እንዲጠጣ መተው፣ አለማስገደድም አለመከልከልም ይገባል። ጿሚ ተማሪዎች ባሉበት ወቅት ረጅም ሩጫን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል። በሙቀት የወደቀን ተማሪ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ሰውነቱን በውሃ ማቀዝቀዝና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ብዙ ውሃ ጠጥቶ የሚያስመልሰውና የሚደናገር ተማሪ ግን ተጨማሪ ውሃ ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

አበበን ባዶ እጁን ያስሮጠው የዘመኑ እውቀት ነው። እኛ ከዚያ የተሻለ እውቀት እያለን ተማሪዎቻችንን በጥም ብናስሮጥ የአበበን ጀግንነት ሳይሆን የደንብ አውጪዎቹን ስህተት መውረሳችን ነው።

ለክፍል ውይይት

1. በ1904ና በ1912 የተደረጉት ማራቶኖች በ1950ዎቹ ደንብ ላይ ለምን ለውጥ ያላመጡ ይመስላችኋል?
2. «አሸናፊው አልጠጣም፤ ስለዚህ ውሃ አያስፈልግም» የሚለው አስተያየት ስህተቱ ምን ላይ ነው?
3. አንድ ተማሪ ከሩጫ በፊት 52 ኪሎ፣ ሳይጠጣ ከሮጠ በኋላ 51 ኪሎ ቢመዝን ወደ ስንት ሊትር ላብ ወጥቶታል? ከክብደቱስ ስንት በመቶ ነው?
4. በአካባቢያችሁ መንገደኞች ውሃ የሚይዙባቸውን ባህላዊ ዕቃዎች ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ከዛሬው ቀበቶ ጋር አነጻጽሩ።